የአንጓች እንዝርት

ሚያዝያ ሲጋመስ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣
ከስፌት ቤቴ ደጅ ይሰለፋል ሜዳይ።
ያንዱ ጥብጣብ ነትቧል፤ ያንዱን በላው ብል፤
ባለቤቱ ቆሞ ይለኛል "ቶሎ በል!"
ዓምና አሥራ አንድ መጡ፣ ዘንድሮ ሰባት፤
ጥብጣቡ ተረፈኝ፣ አንድ ክንድ ከጋት።

እኔ ሰው የማውቀው በኮቱ ደረት ነው፤
የት ላይ እንደሳሳ፣ ስንቴ እንደጠቀመው።
ነሐስ ትንሽ መስሎ ጨርቅን ይጎትታል፤
ከሥሩ ካልደረቡ ግራው ይዘምማል።
"አጥብቀህ ስፋልኝ፣" ይላሉ ባላምባራስ ጓንጉል፣
"ቢወድቅ ለማንሣት ወገቤ እሺ አይል።"
ግራዝማች ስሜነህ የሞተ ወንድማቸውን
ከራሳቸው አጠገብ ያሰፋሉ ሜዳዩን፤
ሁለቱ ሲጋጩ ድምፅ አለው፤ እሳቸው
ሲራመዱ ያዳምጣሉ፣ ዘንበል ብሎ አንገታቸው።

አንጓች ግን ስትመጣ ከጨሞጋ ማዶ፣
ኮት የላት፣ ካባ የላት፤ ደረቷ ባዶ።
ማግ ልትሸጥ ነበር የዚያን ለት የመጣች፤
በዋጋ ስንጨቃጨቅ እንዝርቱን አሾረች።
ጭኗ ላይ ተንከባሎ ሲወርድ ወደ ታች፣
አየሁት ክብደቱን፣ ከምን እንደሠራች፤
ዘውድ አለው፤ ዙሪያውን ሦስት ዝንጣፊ ዘንባባ፤
መሐሉ ተበስቶ የእንዝርት እንጨት ገባ።

"እሜቴ፣ ይሄ እኮ…" አልኩ። ቃሌ ተቆረጠ።
"የቀንዱ ተሰንጥቆ፣" አለች፣ "ይሄ በለጠ።
ክብደቱ ልክ ነው፤ ክሩን አይበጥስ፤
ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ማንን ነው የሚያለብስ?"

ጥይት በቅቤ ቅል ታሻግር ነበር አሉ፣
የጣሊያን ኬላ ላይ ዘቦቹ እየዋሉ።
ሆን ብላ ታቆየዋለች፤ ጠንቁለው ሲቀምሱ፣
"ከርፍቷል!" ይላሉ፤ ቅሉን ይመልሱ።
ይህን ያወራኝ ሰፈሩ ነው፤ እሷ አትወድም።
ስጠይቃት ትፈትላለች፤ ቀና አትልም።

አንድ ነገር ብቻ ነው ራሷ ያወጋችኝ፦
"አንዱ ዘብ ጣቱን ሰዶ ጥይቱን ነካብኝ።
አየኝ፤ አየሁት እኔም። ጣቱን በሱሪው ጠረገ፤
'እለፊ!' ብሎኝ ፊቱን ወደ ወንዝ አደረገ።
በሳምንቱ ሳልፍ በዚያ፣ ቦታው ላይ ሌላ ሰው፤
ስሙን አልጠየቅሁም፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?
በኋላ ጸሐፊው 'ምስክር ጥሪ' ሲለኝ፣
ያየኝ አንድ እሱ ነበር፤ እሱን ከየት ላግኝ?
ያላዩ መሰከሩ፤ ሜዳዩን ሰጡኝ።"

እኔ ዝም አልኩ። ከአዝራር ጣሳዬ ሥር አንድ አለ፣
ከሰሜን ይዤው የመጣሁ፣ ጥብጣቡ የከሰለ።
ለየትኛው ኮረብታ እንደሰጡኝ አውቃለሁ፤
ልጆች ሲጠይቁኝ "የካፖርት አዝራር ነው" እላለሁ።
መንግሥት የተለወጠ ለት ገባ ወደ ጣሳ፤
ልጥለውም ሞክሬ እጄ አልተነሣ።

ባለፈው ግንቦት ልጇ ሸጌ መጣች፤
ከመቀነቷ ፈትታ ነሐሱን አኖረች።
"አርባዋ ደርሷል። 'ፎቶዋ ላይ ይሰፋ' ይላል ዘመድ፤
ጥብጣቡን ስንት ነው የምትሸጠው በክንድ?"
አወጣሁ የተረፈኝን፣ ያን አንድ ክንድ ከጋት፤
"ገንዘቡን ተይው፣" አልኩ፣ "ለእሷ ይሁናት።"
ጆሮው ተሰብሯል፤ ጥብጣብ የሚይዝ የለውም፤
የመሐሉን ቀዳዳ መርፌዬ አያውቅም።

ሸጌ ቆማ አየችው። "እንግዲያ፣" አለች፣ "ተወው፤
ጥብጣቡ ለፎቶው፤ ነሐሱን ልውሰደው።
የጀመረችው ጋቢ ግማሹ ይቀረዋል፤
ክረምትም እየገባ፣ ልጁን ይበርደዋል።"

ሄደች። ጣሳዬን ብድግ አርጌ ወዘወዝኩት፤
አዝራር ነው የሚጮኸው።
መልሼ አስቀመጥኩት።